ከሐምሌ በፊት ንገሩን፦ ስለ ዕርዳታ ቅንጅት ከጎንደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ ላይ ለምትሰበሰቡ የልማት አጋሮች ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልበላችሁ። እኔ ዕርዳታ ይቅርብን ከሚሉት አይደለሁም። ለጋሽ ሁሉ ሰላይ ነው የሚለው ወሬ ፒያሳ ላይ ከማኪያቶ ጋር በነጻ ይገኛል፤ ለእሱ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም። የእኔ ጥያቄ ስለ ቀን ነው። ድህነትን ለመቀነስ ተብሎ ለአንድ ወረዳ የሚመጣው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ለየትኛው ቀበሌ እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚደርስ ወረዳው በጀቱን ከማጽደቁ በፊት ይወቀው። ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ስንት ጉባኤ ተደርጎበት፣ ስንት ሰነድ ተፈርሞበት እስካሁን አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ ከታች ሆነን የምናየውን ልንገራችሁ።

የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው። በማዕከላዊ ጎንደር ዞን በአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ዕቅድና በጀት ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የወረዳውን ስም አልጠራም። የድርጅቶቹንም አልጠራም። አንዱን ብጠራ ሌላው «እኛን አይመለከትም» ብሎ ያልፋል፤ ነገሩ ደግሞ ሁሉንም ይመለከታል።

ወረቀቱማ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ባንክና አይኤምኤፍ ዕዳው እንዲሰረዝለትም ሆነ በርካሽ መበደር የሚፈልግ ደሃ አገር የራሱን የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂ ይዞ ይምጣ አሉ። እኛም ይዘን ሄድን። መጀመሪያ ኤስዲፒአርፒ፣ ቀጥሎ ፓስዴፕ፣ ከዚያ ሁለቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች፣ አሁን ደግሞ እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቀው የአሥር ዓመቱ ዕቅድ። አዲስ አበባ ያሉት ለጋሾችም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአንድ ቡድን መሰብሰብ ጀመሩ። ከዚያ ስለ ዕርዳታ አሰጣጥ ጉባኤ በጉባኤ ሆነ፤ ሮም፣ ፓሪስ፣ አክራ፣ ቡሳን ተባለ። ፓሪስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈረመው ዋናው ነው። ዕቅዱ የአገሩ ይሁን፣ ለጋሹ በአገሩ ሥርዓት ይሥራ፣ ለጋሾች እርስ በርስ ይናበቡ፣ ውጤት ይታይ፣ ሁለቱም ወገን ይጠየቅ ይላል። ማን ይቃወመዋል? እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ይደረስባቸዋል የተባሉ 13 ግቦች ነበሩት። በመጨረሻ ሲለካ በዓለም ደረጃ የተሳካው አንድ ብቻ ነው።

ሥራ አልተሠራም ማለቴ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ከመቶ ኢትዮጵያዊ 45.5ቱ ከድህነት መስመር በታች ነበር። በ2008 ዓ.ም. 23.5 ደረሰ። ይህን ቁጥር የሚያጣጥል ሰው በየቀበሌው ጤና ኬላ ከመሠራቱ በፊት የነበረውን ገጠር አያውቀውም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ኮቪድ መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ድርቅ መጣ፣ የኑሮ ውድነቱ ሰማይ ነካ። አሁን ያንን ቁጥር ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ይዞ የሚወጣ ሰው ካለ አይዞህ በሉት።

አሁን ወደ ወረዳው ልውረድ።

ለማያውቅ አንባቢ፣ የዕርዳታ ገንዘብ ወደ ወረዳ የሚወርድበት ሦስት መንገድ አለ፤ እኛ ቻናል እንለዋለን። ቻናል አንድ በገንዘብ ሚኒስቴር ገብቶ በክልሉ ገንዘብ ቢሮ በኩል ወደ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይወርዳል። ቻናል ሁለት በሴክተሩ ይሄዳል፤ ከጤና ሚኒስቴር ወደ ጤና ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት። ቻናል ሦስትን ለጋሹ ራሱ ወይም የቀጠረው ግብረ ሰናይ ድርጅት በእጁ ያወጣዋል። የመጀመሪያው የኛ የበጀት ሥርዓት ውስጥ ይመዘገባል፣ አይቤክስ በሚባለው የመንግሥት በጀትና ወጪ መመዝገቢያ ላይ ይታያል። ሁለተኛው ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ አይታይም። ሦስተኛው ጭራሽ አይታይም። የሚታየው መኪናው ሲመጣ ነው።

የኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የአሜሪካ መንግሥት በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21፣ አብዛኛው አውሮፓና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ታኅሣሥ 23፣ እንግሊዞች ደግሞ መጋቢት 23። እያንዳንዱ ለራሱ ልክ ነው፤ የራሱ ፓርላማ፣ የራሱ ኦዲተር አለው። ግን ሁሉም አንድ ጽሕፈት ቤት ላይ ሲያርፉ፣ ያ ጽሕፈት ቤት ዓመቱን ሙሉ የአንዱን ዓመት ሲዘጋ የሌላውን ሲከፍት ይኖራል። አንዱ በዶላር፣ አንዱ በዩሮ ሪፖርት ይፈልጋል። አንዱ «ተጠቃሚ» የሚለውን በሰው ይቆጥራል፣ ሌላው በአባወራ። አንዱ ሴትና ወንድ ለይታችሁ አምጡ ይላል፣ አንዱ ዕድሜ፣ አንዱ አካል ጉዳተኛ። ሁሉም ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚመልሰው ግን ያው አንድ ልጅ ነው፤ በአሮጌ ኮምፒውተር፣ መብራት ሲመጣ።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ሐምሌ ላይ የወረዳው ምክር ቤት ተቀምጦ በጀት ያጸድቃል። ፊቱ ያለው ብር አብዛኛው ደሞዝ ነው። መምህሩ፣ ጤና ባለሙያው፣ የግብርና ልማት ሠራተኛው ተከፍሎ የሚተርፈው ካፒታል ትንሽ ነው፤ በእሷ ላይ ነው ክርክሩ ሁሉ። አንድ ዓመት ያቺ ትንሽ ብር ከመንገድ ዳር ላለ አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል እንድትሠራ ተወሰነ። ተማሪው ዛፍ ሥር ስለሚማር ተገቢ ውሳኔ ነበር። ጥር ላይ አንድ ድርጅት ዲዛይኑን ጨርሶ፣ ኮንትራክተሩን ይዞ መጣ። የት? እዚያው ትምህርት ቤት። አንድ ብሎክ ሊሠራ። ለምን እዚያ? መኪና ይገባል፣ ለጉብኝት ይመቻል፣ የጥናት ቡድኑም በጋ ላይ መጥቶ ያየው እሱን ነው። ወደ ሌላ ቀበሌ ይዛወር ብለን ለመንን። ስምምነቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም ስለተጻፈ ለማስቀየር ዋናው መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለበት፣ ያ ደግሞ ወራት ይፈጃል፣ እስከዚያ የበጀት ዓመታቸው ያልቃል ተባልን። የኛ ግንባታ ደግሞ ተጀምሯል። አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ሁለት ሕንጻ አገኘ። ከጀርባው፣ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስሄደው ቀበሌ ያለው ትምህርት ቤት የጭቃ ግድግዳውን በእንጨት ደግፎ ክረምቱን አሳለፈ።

ማንም አልሰረቀም። ማንም አልሰነፈም። ያ ድርጅት ዕቅዱን ባለፈው ግንቦት በአንድ ገጽ ቢልክልን ኖሮ ሁለቱም ትምህርት ቤት ተሠርቶ ነበር።

ገንዘቡ የሚደርስበት ወርም ሌላ ጣጣ ነው። ከላይ በጊዜ ያልተለቀቀ ገንዘብ ግንቦት ላይ ይደርሳል። ሰኔ 30 ላይ ካልተጠቀማችሁ ይመለሳል ትባላላችሁ። በእነዚህ ሳምንታት ጨረታ አውጡ፣ ግዙ፣ ሥሩ ነው። ደንቢያን የሚያውቅ ሰው ሰኔ ላይ ያ ጥቁር አፈር ምን እንደሚሆን ያውቃል። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ይቅርና በቅሎም ትቸገራለች። ስለዚህ የሚገዛው የሚገዛ ነገር ነው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሞተር ሳይክል፣ ፕሪንተር። የዕቃ መረከቢያው ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ዕቃው ስቶር ይገባል፣ የበጀት አጠቃቀሙ 98 በመቶ ተብሎ ሪፖርት ይላካል። እዚያ እናንተ ጋ ስላይድ ላይ ሲወጣ ያምራል።

ስለ ውኃ ፓምፕ ደግሞ ልንገራችሁ። በወረዳችን የአብዛኛው ጉድጓድ የእጅ ፓምፕ አፍሪዴቭ ነው። መለዋወጫውን ጎንደር ላይ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፣ የሚጠግነውም ሰው ሠልጥኗል። አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት ከዚያ የተለየ ፓምፕ ተከለ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ፓምፕ ነበር፤ ቀላል ነው፣ ሕጻንም ይስበዋል። ተመርቆ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ ተሄደ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ቆመ። የውኃ ኮሚቴዋ ገንዘብ ያዥ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ በየወሩ ከየቤቱ ያሰባሰቡትን ብር በጨርቅ ቋጥረው ጽሕፈት ቤት ድረስ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ብሩ አለ። ጎማው ነው የጠፋው» አሉኝ። ስልክ አስደወልን። ጎማው ባሕር ዳርም የለም፣ አዲስ አበባም የለም። ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ጨርሶ ወደ ሌላ ክልል ሄዷል። ሴቶቹ ወደ ወንዙ ተመለሱ። ሪፖርቱ ላይ ግን ያ ጉድጓድ እስከ ዛሬ ድረስ «አገልግሎት የሚሰጥ» ተብሎ ከተቆጠሩት አንዱ ቢሆን አይገርመኝም። ታፔላውማ እንደቆመ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ስትሄዱ ግራ ቀኝ እዩ፤ ባለቤቱ የሄደ ታፔላ ማየት የሚፈልግ አይቸገርም።

ሥልጠናውንስ? ጤና ኬላ በር ላይ «ሥልጠና ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያላየ የገጠር ሰው ካለ ይንገረኝ። በአንድ ቀበሌ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ስለ ወባ ልትሠለጥን ትጠራለች፣ በሳምንቱ ስለ ሥነ ምግብ፣ ከዚያ ስለ ክትባት፣ ከዚያ ስለ መጸዳጃ። እያንዳንዱ ሥልጠና ከሌላ ድርጅት ነው፣ አንዱ የሌላውን ቀን አያውቅም። አበሉም አንድ አይደለም። አንዱ የመንግሥት ተመን ይከፍላል፣ ሌላው እጥፉን ይከፍላል። እናም የመንግሥትን ሥልጠና ማንም አይፈልገውም፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ነው፣ ልጆች አሉት፣ ደሞዙ ወር አያደርስም። አበል በሁሉም ድርጅት አንድ ቢሆን ብለን በየስብሰባው አንስተናል። ይነሳል፣ ይያዛል፣ «ለሚመለከተው አካል ይቀርባል»። ያ የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ አንድ ቀን ቢነገረን ደስ ይለናል።

እዚህ ላይ የኛንም ጉድ ልናገር፤ አለበለዚያ ደብዳቤው የወቀሳ ብቻ ይሆናል። የወረዳም የዞንም አመራር ቻናል ሦስትን ይወዳል። መኪና አለው፣ ነዳጅ አለው፣ አበል አለው፣ የሚቀጠር የዘመድ ልጅ አለው። ቻናል አንድ ግን ኦዲት አለው። ስለዚህ ድርጅት ሲመጣ «ቆይ፣ የኛ ዕቅድ ላይ ይህ ቀበሌ ቅድሚያ የለውም» ብሎ የሚከራከር ኃላፊ ጥቂት ነው። ብዙው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ይፈርማል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኛም ባለቤት መሆናችንን ትተን በረኛ ሆነናል። ይህን ለጋሽ አያስተካክልልንም። የገንዘብ ሚኒስቴርና የክልሉ ገንዘብ ቢሮ ናቸው የሚያስተካክሉት፣ ዝርዝሩን ወደታች እጽፈዋለሁ።

ተቀናጅቶ መሥራት አይቻልም የሚለኝ ካለ ደግሞ ሩቅ አልወስደውም። እዚሁ ጎንደር ይምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝብ አለቀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ አብረው ናቸው ያቆሙት። ያኔ ፓሪስ ላይ የተፈረመ ምንም የለም። ዩኤስኤይድ የሚባል መሥሪያ ቤትም ገና አልተወለደም። አራቱም ግን የየራሳቸውን ኮሌጅ አልከፈቱም። አንድ ግቢ፣ አንድ ትምህርት። ሦስት ዓይነት ሰው ያሠለጥናል፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። እነዚህ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። የገጠር ጤና እንዴት ይሠራ የሚለው የኢትዮጵያ ሐሳብ ከዚያ ግቢ ብዙ ወስዷል። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው እሱ ነው። ከዚህ አካባቢ ታሞ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ሁሉ የሚመጣው እዚያ ነው፤ ከመተማም ይመጣል፣ ከበለሳም ይመጣል። የሰጪዎቹ ታፔላ የት እንደወደቀ የሚያስታውስ የለም፣ ሆስፒታሉ ግን አለ።

ሌላም አለ። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር ከዚያ በፊት በየዓመቱ «ረሃብ ገባ» እየተባለ ጥሪ ይደረግ ነበር፤ እህሉ ሲደርስ ሰዉ በሬውን ሽጦ ጨርሷል። ያኔ ለጋሾቹ ገንዘባቸውን በአንድ ፕሮግራም፣ በአንድ መመሪያ፣ በጋራ ግምገማ አደረጉት። ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ይዞ ጀመረ። ጉድለት የለበትም አልልም። ክፍያ ይዘገያል፣ ኮታ ያንሳል፣ በስመ ተመራቂ ገና በእግሩ ያልቆመ ሰው ይወጣል። ግን በለሳ ላይ ያለች መበለት ቀጥታ ድጋፏን ስትቀበል ከየትኛው አገር እንደመጣ አታውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅባትም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሾች ለመንግሥት በጀት በቀጥታ የሚሰጡትን ድጋፍ ሲያቆሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ፒቢኤስ የሚባለው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም መጣና ገንዘቡ በክልል በኩል ወረዳ ድረስ ወርዶ የመምህሩንና የጤና ሠራተኛውን ደሞዝ እንዲሸፍን ሆነ። ተጣልታችሁም ቢሆን መንገድ አገኛችሁ ማለት ነው። የውኃው ፕሮግራምም «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» ብሎ ተነስቷል። የፊንላንድ ድጋፍ በክልላችን ገንዘቡን በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለራሱ ለማኅበረሰቡ ሰጥቶ ውኃውን ራሱ እንዲያሠራ ሲያደርግ አይተናል። ስለዚህ አልቻልንም አትበሉን፤ ስትፈልጉ ትችላላችሁ።

እንዲያውም ለማቆም ሲሆን እንዴት አብራችሁ እንደምትናበቡ! እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ላይ ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል እየተዘረፈ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቆሙ። መዘረፉ እውነት ነው፤ የዘረፈው መጠየቅ አለበት፣ ስለዚያ አልከራከርም። ያ ዓመት ግን ሰሜን ጎንደር ላይ፣ ጃናሞራ፣ በየዳና ጠለምት ድርቅ የገባበት ዓመት ነው። የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ። ለወራት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ ዕርዳታ በአንድ ፊርማ ቆመ። በሐምሌ ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። ጤና ተቋማት ውስጥ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ውላቸው ተቋረጠ። ዋሽንግተን የወሰነችውን ጎንደር አታስቀይርም። ግን ልብ በሉ፤ ያን ቀን አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ «እኔ ወረዳ ላይ ምን ያህል ነገር ነው የቆመው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ሰነድ አልነበረም። ስንት ሰው፣ ስንት መድኃኒት፣ ስንት ብር። መጀመሪያም ሲመጣ አልተመዘገበማ! ሲሄድ በምን ይታወቃል? ሌሎቹ አገሮችም በጀታቸውን እየቀነሱ ነው፤ እንግሊዝም ቀንሳለች፣ ገና ትቀንሳለች። በአንድ በኩል ይህ አለ፣ በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2024 ከብሩ ተመን ለውጥ ጋር ከአይኤምኤፍና ከዓለም ባንክ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ ለመንግሥት ጸድቋል። ትልቁ ገንዘብ ከላይ ሆኖ ይነጋገራል፣ ትንሹ ታች ሆኖ ይጠፋል። በዚህ ላይ የክልላችን ጸጥታ አለ። መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከአዲስ አበባ ሚሽን ሲቀር፣ ጽሕፈት ቤቱን ከፍቶ የሚጠብቀው ያው የወረዳው ሠራተኛ ነው። እሱ እጅ ላይ መረጃው ከሌለ ማን ጋ ይኑር?

ደቦ የምታውቁት ነገር ነው። ጎረቤት ሁሉ በሬውን፣ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፤ ቀኑን የሚቆርጠውና የትኛው ማሳ ይቅደም የሚለው ግን ባለማሳው ነው። በልማቱ ደቦ ላይ ባለማሳው ቀኑን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀውን ልጻፍ። አዲስ ኮሚቴ አልጠይቅም፤ ኮሚቴ በቃን። አዲስ ሶፍትዌርም አልጠይቅም፤ የዕርዳታ መረጃ መመዝገቢያ ተብሎ ሚኒስቴሩ ዘርግቶት የነበረውን እናውቃለን፣ ወረዳ አይደርስም።

በፒቢኤስ ጊዜ የተጀመረ አንድ ጥሩ ነገር ነበር። የወረዳው በጀት በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በየጽሕፈት ቤቱና በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለውኃ ይህን ያህል። ገበሬው የሚያነብለት ሰው ፈልጎም ቢሆን ያየዋል። ሰሌዳው ላይ ቆሞ «የኛ ቀበሌ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይቻለሁ፤ እውነት ለመናገር ከማንኛውም የጋራ ግምገማ የበለጠ ኃላፊውን ያላበው ያ ጥያቄ ነው። እዚያ ወረቀት ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ። «ከመንግሥት በጀት ውጭ» የሚል። የድርጅቱ ስም፣ የሚሠራው ነገር፣ ቀበሌው፣ ብሩ፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ወር።

እያንዳንዱ ለጋሽም ሆነ ድርጅት ይህን እስከ መጋቢት መጨረሻ ለወረዳው ይስጥ። ግምት ቢሆንም ችግር የለም። እኛም የራሳችንን በጀት የምናዘጋጀው በግምት ነው። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው ጊዜ ተነጋግሮ «እናንተ እዚህ፣ እኛ እዚያ» ለመባባል ይበቃል። ያ ትምህርት ቤት ያመለጠው በዚህች ክፍተት ነው።

ገንዘብ ሚኒስቴርና የክልል ገንዘብ ቢሮዎች ደግሞ፣ የፕሮጀክት ስምምነት ስትፈርሙ ይህች አንዲት ገጽ የሌላትን አትፈርሙ። ሥልጣኑ በእጃችሁ ነው። ቀበሌ ለመቀየር ዋና መሥሪያ ቤት መጠየቅ የማያስፈልግበትን አንቀጽም ስምምነቱ ውስጥ አስገቡ፤ «ወረዳው በሚወስነው ቅድሚያ መሠረት» የምትል አራት ቃል ናት። የፓምፕም፣ የክፍልም፣ የጤና ኬላም ዓይነት መንግሥት ካወጣው ደረጃ ውጭ ከሆነ መለዋወጫው ጎንደር ገበያ ላይ እንዳለ ድርጅቱ ያሳይ፣ ካልሆነ ይቅር። ሪፖርት በሩብ ዓመት አንድ ይሁን፤ ከዚያ የተለየ የሚፈልግ ለጋሽ ከዚያችው ገጽ ራሱ ይቅዳ። አበልን በተመለከተ መጽሐፍ መጻፍ ይቻላል፣ ግን አንድ ተመን ይሁን ከማለት ውጭ የምጨምረው የለኝም። ሥልጠና ደግሞ ገበሬው በሚዘራበት ሰኔና ሐምሌ ላይ አትጥሩ፤ የልማት ሠራተኛው ያኔ ማሳ ላይ ነው መሆን ያለበት።

ለምትሄዱትም አንድ ቃል አለኝ። መሄድ መብታችሁ ነው። ግን የምትወጡበትን ጊዜ የሚቀጥለው የወረዳ በጀት ከመጽደቁ በፊት ተናገሩ። ምክር ቤቱ ቢያንስ «ያንን ጤና ኬላ በራሳችን እንይዘዋለን» ወይም «አንችልም» ብሎ ይወስን። ዕቃ ስታስረክቡም የመኪናውን ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ዶሴውንም፤ ፓምፑ የት እንደተተከለ፣ ማን እንደሠለጠነ፣ ዋስትናው መቼ እንደሚያበቃ።

«የወረዳ መረጃ አይታመንም» እንደምትሉ አውቃለሁ፣ ሰምቼዋለሁም። አንዳንዴ አይታመንም። ስትጠቀሙበት ግን ይታረማል። ማንም የማይከፍተውን ሪፖርት በጥንቃቄ የሚሞላ ሰው የለም፤ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ግን ቀበሌው ራሱ ያርመዋል። «ይህ ጉድጓድ ደርቋል» የሚል ሰው በዕለቱ ይመጣል።

ሁሉም ወረዳ ላይ በአንዴ ይጀመር አልልም። ሙከራ ይሁን ካላችሁ በማዕከላዊ ጎንደር ጀምሩ። ምሥራቅ በለሳን ውሰዱ፣ ሴፍቲኔቱ ስላለ የዝርዝር ሥራ ለምደዋል፤ ደንቢያን ጨምሩ። በሚቀጥለው የበጀት ጥሪ ደብዳቤ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ፣ የልማት አጋሮቹም በዚያው ሳምንት ለድርጅቶቻቸው ይጻፉ። የቅጹን ናሙና ማዘጋጀት ካስፈለገ ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን በአንድ ቅዳሜ እንጨርሰዋለን፣ አበል አንጠይቅም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የቀድሞ የወረዳ ዕቅድና በጀት ባለሙያ
ጎንደር